ሴት ብታውቅ በማን ያልቃል?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሳትሰማ ያደገች አባል በመካከላችን ያለች አይመስለንም። ብዙዎቻችን የሰማነው ከአባቶቻችን አፍ ብቻ አይደለም፤ እናቶቻችንም ይሉታል፣ አንዳንዴም እየሳቁ። ልብ ብለን ካየነው ግን ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። ማወቋን ያምናል። የሚነፍጋት የመጨረሻውን ቃል ነው። ከአባላቱ መካከል በሒሳብ ሥራ የምንተዳደር ሴቶች ነገሩን ከወጪ ሰነድ ጋር እናመሳስለዋለን፦ «ያዘጋጀው» በሚለው መስመር ላይ የሴት ስም ይሰፍራል፣ «ያጸደቀው» በሚለው ላይ የወንድ ፊርማ ያርፋል።

ይህን ተረት እንደገና እንድናስበው ያደረገን አንድ የጨዋታ ክርክር ነው። ጥቂት አባላት ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የንግግር መለማመጃ ክበብ ተጋብዘን ነበር። ርእሱ «ወንበር ለሴት ይሻላል ወይስ ለወንድ?» የሚል ነው። ለቁም ነገር እንዳልታሰበ ከአጀማመሩ ያስታውቃል፤ ሴቶቹ ተከራካሪዎች ለወንድ፣ ወንዶቹ ደግሞ ለሴት እንዲቆሙ ተደርጓል። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ተነስታ «ወንበሩ ለወንድ ይሁን፤ እኛ ለመቀመጥ ጊዜ የለንም» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ለሴት የቆመው ወንድ ደግሞ «በየቤታችን ሥልጣኑን ካስረከብን ቆይተናል፤ አሁን የምንጠየቀው ለማወቅ ያህል ብቻ ነው» አለ። ሌላዋ «ሴት በዛና ጎመን ጠነዛ» የሚለውን ተረት ስትጠቅስ፣ መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ጎመኑ የጠነዛው ሴት ስለበዛ ሳይሆን፣ ወንዱ ሁሉ ቁጭ ብሎ እስኪቀርብለት ስለሚጠብቅ ነው።»

የክበቡ አሠራር ለሒሳብ ሰው ልብ የሚስማማ ነው። ሰዓት ያዥ አለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ እያነሳች ጊዜው እንዳይባክን ትጠብቃለች። «እ…»፣ «ማለቴ»፣ «እንትን» የሚሉትን ትርፍ ቃላት የሚቆጥር ሰው ለብቻው ተመድቧል፤ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ስንት እንደተቆጠረበት ይነግረዋል። ሰውን ሳያሳፍር ጉድለቱን የሚነግር ገምጋሚም አለ።

በሳቁ መሐል ግን አንድ ጥያቄ ወደቀ። ለሴት የቆመው ሁለተኛ ተናጋሪ እቴጌ እሌኒን፣ እቴጌ ምንትዋብን፣ እቴጌ ጣይቱንና ንግሥት ዘውዲቱን ተራ በተራ ጠርቶ ጭብጨባ ሲቀበል፣ ተቃራኒው ወገን የቆመችው ልጅ «እነዚህ ሁሉ የገቡት በአባት ወይም በባል በር ነው። ተናግራ፣ አሳምና፣ በድምፅ ተመርጣ የገባች አንዲት ሴት ጥራልኝ» አለችው። እሱም ቀዩን ካርድ አይቶ «ሰዓቴ አለቀ» ብሎ ተቀመጠ። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ታክሲ ተሳፍሮ መጣ። የሚከተለው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ አገላብጠን ያገኘነው መልስ ነው።

የቤተ መንግሥቱ በር

ልጅቷ ያለችው እውነትነት አለው። ከሐድያ ገዢ ቤት የወጡት እቴጌ እሌኒ ትልቁን ሥልጣን የያዙት አፄ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ በሞግዚትነት ነው። በዚያ ጊዜ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከዋል፤ የፖርቱጋል መልእክተኞችም እ.ኤ.አ. በ1520 ኢትዮጵያ ገቡ። እቴጌ ምንትዋብም ባላቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ትንሹ ልጃቸው ኢያሱ ነገሠ፤ እሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር አስተዳደሩ። ጎንደር የሄደች አባል ቁስቋም ላይ ያሠሩትን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አይታ ይሆናል።

እቴጌ ጣይቱን ለእናንተ መተረክ ለቀባሪው እንደማርዳት ነው። ሆኖም አንድ ነገር እናንሳ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በጣሊያን በኩል መሄድ ትችላለች ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። እቴጌይቱ በዚህ ጉዳይ ላይ በጠረጴዛ ዙሪያ በግልጽ ከተቃወሙት ሰዎች ግንባር ቀደም ናቸው። በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ በተከበበ ጊዜም የውሃውን ምንጭ የመያዙ ዘዴ የእሳቸው መሆኑ ይነገራል። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተደመደመ። ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች የ17ኛው አንቀጽ ታሪክ ልዩ ትምህርት አለው፦ የምትፈርሚውን ሰነድ በሁለቱም ቋንቋ አንብቢ።

የቤተ መንግሥቱ በር ግን ከውጭ የሚቆለፍ በር ነው። አፄ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ እቴጌ ጣይቱ መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተሰብስበው ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁና ባላቸውን እንዲያስታምሙ አደረጓቸው። የዓድዋዋ እቴጌ ያን ሁሉ ካዩና ከሠሩ በኋላ ወደ አስታማሚነት ተመለሱ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. መስከረም፣ ንግሥት ዘውዲቱ የምኒልክ ልጅ በመሆናቸው ዙፋኑን ወረሱ። አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው አብረዋቸው የተሾሙት ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ የዕለት ተዕለቱ ሥልጣንም ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ እሳቸው እየሄደ መጣ። ንግሥቲቱ ደግሞ ዘውዱን ሲቀበሉ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደርገዋል። አንድ ወንድ ንጉሥ ለመንገሥ ሚስቱን ፍታ የተባለበትን ጊዜ ፈልገን አላገኘንም።

በእርግጥ ለልጅቷ አንድ መልስ አለን። አፄ ምኒልክስ በማን በር ገቡ? በአባታቸው በንጉሥ ኃይለ መለኮት በር ነው። በዘመነ መንግሥት ወንዱም ሴቷም በዘር ይገቡ ነበር፤ በዘር መግባት ነውር የሚሆነው ስለ ሴት ስናወራ ብቻ ሊሆን አይገባም። ይሁንና አብዛኞቻችን የንጉሥ ልጆችም የንጉሥ ሚስቶችም አይደለንምና ስለ ሌላኛው በር መጠየቋ ትክክል ነው።

የመናገሪያው በር

ተናግሮ ማሳመን በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው። በድሮው ችሎት ሁለት ባላጋራዎች ቆመው በግጥምና በምሳሌ ሲሟገቱ «በላ ልበልሃ» ይባባሉ ነበር። ቃሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። «በላ» ለወንድ ነው፣ «ልበልሃ»ም ለወንድ ነው። «በይ ልበልሽ» የሚባል የሙግት ስም አልቆየንም። የችሎቱ ቋንቋ ራሱ ፊት ለፊቱ የሚቆመውን ሰው ወንድ አድርጎ አስቦታል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የክርክር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1823 ተመሠረተ። ከዚያ አዳራሽ ብዙ ሚኒስትሮችና ጠቅላይ ሚኒስትሮች ወጥተዋል። ሴቶች ሙሉ አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ 140 ዓመት መሆኑ ነው። ማርጋሬት ታቸር በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሲማሩ ሴት በመሆናቸው የዚህ ማኅበር አባል መሆን አይችሉም ነበር። በሌላ በኩል ዞረው የፓርቲያቸው የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር። በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን ያህል በፍጥነት እንደተገባበት ደግሞ ተመልከቱ። ጄራልዲን ጆንስ የተባለች ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የክርክር ማኅበሩ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ፓኪስታናዊቷ ቤናዚር ቡቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ያንኑ ወንበር ያዘች፤ ከ11 ዓመት በኋላም የአገሯ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ቤናዚር የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ ነች፤ በአባት በር መግባቷ አይካድም። ሆኖም በዚያ አዳራሽ የተለማመደችውን ንግግር ከአባቷ አልወረሰችውም።

እንደጎበኘነው ያሉ የንግግር ክበቦችስ ከየት መጡ? በዓለም ላይ ትልቁ የንግግር ክበቦች ድርጅት ቶስትማስተርስ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ክበቦች አሉት። የጀመረው ራልፍ ስሜድሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1924 በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ አና ከተማ ነው። ክበቡ የተሰበሰበበትን ቤት ስም ብንነግራችሁ ታውቁታላችሁ፦ ወወክማ፣ ማለትም የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር። ወጣት ወንዶች ስብሰባ መምራትና በሰው ፊት መናገር እንዲችሉ ለማሠልጠን የታሰበ ነበር። ሴቶች አይገቡም። ስለዚህ ኧርነስቲን ዋይት የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1938 ለሴቶች የራሳቸው የንግግር ክበቦች የሚሰባሰቡበትን ድርጅት መሠረተች። እኛ ሴቶች በአገራችንም የምናውቀው መንገድ ነው፤ ካላስገቡን የራሳችንን ማኅበር እናቋቁማለን።

ሄለን ብላንቻርድ የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ግን ሌላ ዘዴ ተጠቀመች። እ.ኤ.አ. በ1970 የክበቡ አባል ለመሆን ስትመዘገብ ስሟ በመዝገቡ ላይ «ሆመር» ተብሎ ሰፈረ፤ ሆመር የወንድ ስም ነው። የክበቡ ሰዎች ያውቋት ነበር፤ የማያውቀው ዋናው ጽሕፈት ቤት ነው። መዝገብ ለምንይዝ ሰዎች ይህ ታሪክ ያስቃልም ያሳዝናልም፤ ወንበሩ ላይ ሴት ተቀምጣ መዝገቡ ላይ ወንድ አለ። ድርጅቱ ለሴቶች በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። «ሆመር» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በገዛ ስሟ፣ ሄለን ተብላ፣ የመላው ድርጅት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ለሴቷ የቀረባት ግን መናገር ስላልፈለገች ሳይሆን መናገሪያው ቦታ ስለተዘጋባት ነበር።

የምርጫው በር

አሁን ለልጅቷ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ እንስጥ። ተናግራ፣ አሳምና፣ ተመርጣ የገባች ኢትዮጵያዊት አለች፤ ስማቸውም ስንዱ ገብሩ ነው።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ፓርላማ ቢያቋቁምም አባላቱን የሚመርጠው ሕዝቡ አልነበረም። ሕዝቡ፣ ሴቱም ወንዱም፣ በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ተመራጭ ለመሆን ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። በብዙ ቤት ንብረቱ በባል ስም በሚጠራበት ዘመን ይህ ለሴት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ምርጫ፣ በ1950 ዓ.ም. መባቻ፣ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆንም በቁ።

እሳቸው የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ በስዊዘርላንድ ተምረዋል። ይህ ዕድል ለብዙ ሴቶች እንዳልነበረ እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የራሳቸው ሥራ ነው። በጠላት ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ አስተማሪ ሆኑ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተርም እሳቸው ናቸው። ፓርላማ ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት በየቀኑ በሰው ፊት ቆመው ይናገሩ ነበር። መምህርነት የንግግር ክበባቸው ነበር ብንል አናጋንንም።

እዚህ ላይ ታሪኩ «ከዚያ በኋላ ሁሉም መልካም ሆነ» ተብሎ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን ወይዘሮ ስንዱ ፓርላማ በገቡ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገው፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ደነገገ። አገር የሚመራውን ሕግ ለማውጣት እጇን ልታወጣ የምትችል ሴት ቤቷ ስትገባ በሕግ አለቃ ነበረባት። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ያኔ ተረት ብቻ ሳይሆን አንቀጽ ነበር።

ያ አንቀጽ የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በመካከላችን ሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለን ሴቶች ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ ስናገባ ያገኘነው ሕግ ሌሎች ተከራክረው ያስለወጡትን ነው። ለዚህ ከጣሩት አንዱ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ከመሥራቾቹም አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። በኋላም ሴቶች ባቋቋሙት በእናት ባንክ የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሠርተዋል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። «በላ ልበልሃ» ሲባል የኖረበት ችሎት በሴት ተመራ። በዚያው ወር ከሚኒስትሮቹ ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ፣ በዲፕሎማትነት ለረጅም ዓመታት የሠሩት አምባሳደር ሣህለወርቅ ዘውዴም በፓርላማው ድምፅ የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሆኑ። የርእሰ ብሔርነቱ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የተወሰነ መሆኑን እናውቃለን። ቢሆንም የገቡበት በር የአባትም የባልም አልነበረም።

ወደ ራሳችን ቤት

ታሪክ ማንበብ ለጉራ ብቻ ከሆነ አይጠቅምም። ስለዚህ ወደ ራሳችን መዝገብ እንምጣ።

የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ ስናገላብጥ «አባላት በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» የሚል ብዙ ጊዜ እናገኛለን። የተናጋሪዎቹ ስም ግን ጥቂት ነው፤ ሁሌም የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ስብሰባው ሲዘጋ ደግሞ ቡናው ይፈላና እውነተኛው ስብሰባ ይጀምራል። እዚያ የማይነሳ ሐሳብ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ግን የለም።

ይህ ዝምታ ዋጋ እንዳለው በሒሳብ መዝገባችን ላይ አይተነዋል። ወርሃዊው ቁጠባ ከፍ እንዲል በተወሰነ ጊዜ እጇን ያላወጣች አባል አልነበረችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መዘግየት የማያውቁ እህቶች መዘግየት ጀመሩ፤ መቀጫው ተጨመረባቸው፤ ሁለቱ ጭራሽ ቀሩ። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ «ያኔም እንደማልችለው አውቅ ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ብዬ ልናገር» የሚል ነው። የእነዚህ እህቶች ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አንድ ደቂቃ ተነስቶ መናገር ቢቻል ኖሮ ውሳኔው እንደ አቅም በሁለት ደረጃ ይከፈል ነበር፤ እኛም ሁለት አባላት አናጣም ነበር። ያኔ ያስቆማቸው ወንድ አልነበረም፤ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሴቶች ብቻ ነን። በሩ ለብዙ ዘመን ተዘግቶ ሲቆይ፣ ከተከፈተም በኋላ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ከዚህ ተረድተናል።

ስለዚህ ከሒሳብና ከትምህርት ክፍሎች በጋራ የሚከተለውን ለሥራ አመራሩ አቅርበናል። በየወሩ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ለንግግር ልምምድ ይሰጥ፤ በዕጣ የወጡላቸው ሦስት አባላት በፈለጉት ጉዳይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገሩ። ሰዓት ያዥ ትኑር፤ ካርዱን እኛ ከካርቶን ቆርጠን እናዘጋጃለን። የስብሰባው ሰብሳቢነት በየሩብ ዓመቱ ይዙር። የሒሳብ ሪፖርቱን ሁልጊዜ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከምታነበው፣ ከአባላት አንዷ ቀድማ አጥንታው ታቅርበው፤ ቁጥሩን በራሷ አፍ የተናገረች ሴት ቁጥሩን ትጠይቃለች። ቁጠባንና ብድርን በሚመለከት ውሳኔ ላይ ደግሞ፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት፣ ሐሳቡን የምትቃወም ቢያንስ አንዲት አባል እንድትናገር ትመደብ። በክበቡ እንዳየነው ተቃውሞን በዕጣ መስጠት ጥላቻን ያስቀራል፤ የተቃወመችው ስለተመደበች ነውና ማንም አይቀየማትም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እንላለን። በየዓመቱ በምንልክላችሁ ሪፖርት ላይ በሥልጠናና በስብሰባ የተገኙ ሴቶችን ቁጥር እንሞላለን። ይህ መልካም ነው፤ መገኘት ግን መናገር አይደለም። ከሚቀጥለው ሪፖርት ጀምሮ ስንት ሴቶች ሐሳብ እንዳቀረቡና ከሐሳባቸው ስንቱ በውሳኔ እንደተካተተ የሚያሳይ ዓምድ እንጨምራለን። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እንዳለ እንጽፈዋለን።

የመጀመሪያው የልምምድ ርእስ ተመርጧል፦ ወርሃዊው ቁጠባ ስንት ይሁን? የቀሩት ሁለት እህቶችም እንዲገኙ ጥሪ ተልኮላቸዋል። አንደኛዋ እመጣለሁ ብላለች።